ድንክ ማለት ምን ማለት ነው?

በጐንደር ከተማ በምንኖርበት ቤት፥ ከበሩ ገባ እንዳሉ በስተቀኝ በኩል፥ አንዲት ድንክ አልጋ አለች። አራት አጫጭር እግሮች አሏት፤ የተወጠረችውም በጠፍር ነው። ከአያቶቻችን የተረፈች ስለ ሆነች ማን እንደ ሠራት በርግጥ የሚያውቅ የለም። ቀን እንግዳ ይቀመጥባታል፤ ማታ ልጅ ይተኛባታል፤ የታመመ ሰውም ሲኖር ወደ ምድጃው ተጠግታ ትዘረጋለታለች። ድንክ መባሏ በጓዳ ካለው ከትልቁ አልጋ ጋር ስትተያይ ነው እንጂ፥ በራሷ ጉድለት ኖሮባት አይደለም። እንዲያውም እናታችን እማሆይ ጕልበታቸው ከደከመ ወዲህ ወደ ከፍተኛው አልጋ መውጣት ስለ ተሳናቸው፥ በቤታችን ካለው ዕቃ ሁሉ እርሷን ያህል የሚወዱት አልነበረም።

በ2011 ዓ.ም. ትምህርት በተከፈተ በሁለተኛው ሳምንት፥ የስምንት ዓመት ልጃችን ከትምህርት ቤት ተመልሶ ደብተሩን አስቀመጠና በዚህች አልጋ ላይ ኵርምት ብሎ ተቀመጠ። ምሳው ቀረበለት፤ አልነካውም። ግንባሩን ዳሰስነው፤ ትኩሳት አልነበረውም። በመጨረሻ ወደ አያቱ ዞር ብሎ፥ «እማሆይ፥ ድንክ ማለት ምን ማለት ነው?» ሲል ጠየቀ። እማሆይም ነገሩን ሳይጠረጥሩ፥ «ምን ማለት ይሆናል ልጄ፤ ይቺው የተቀመጥህባት አልጋ ናታ!» አሉት። ልጁ ጥቂት ዝም ብሎ ቈየና፥ «እንግዲያው ልጆቹ እኔን ለምን በአልጋ ስም ይጠሩኛል?» አለ።

አንባቢ ሆይ፥ በዚያ ሰዓት የተሰማንን ኀፍረት ለመናገር እንቸገራለን፤ ስድቡ የተወለደው በትምህርት ቤቱ ግቢ አልነበረምና። ልጁ ከእኩዮቹ በቁመት አጠር ያለ ስለ ሆነ፥ እኛው ወላጆቹ ገና ጡት ሳይጥል «ድንክዬ» እያልን እናቈላምጠው ነበር። «ድንክዬ ና፤ ድንክዬ ብላ» ማለት የቤታችን ወግ ሆኖ ነበር። የጎረቤት ልጅ ይህንን በአጥሩ በኩል ሲሰማ ኖሮ ወደ ትምህርት ቤት ይዞት ሄደ። የማቈላመጫዋ ፊደል መንገድ ላይ ወድቃ «ድንክ» የሚለው ብቻ ወደ ቤታችን ተመለሰ።

በመጀመሪያ ወደ መምህሩ ሄደን ለመክሰስ አሰብን። ነገር ግን ራሳችን ያስተማርነውን ቃል በምን አፋችን እንከስሳለን? ደግሞም ቃሉን «ሁለተኛ አይነገር» ብሎ መከልከል ልጁን ይብስ የሚያስፈራው መሰለን፤ የተከለከለ ቃል በጨለማ እንደሚታይ ጕቶ ሁልጊዜ ከመጠኑ በላይ ይገዝፋልና። ስለዚህ ድንክ የሚባለው ነገር ሁሉ ምን እንደ ሆነ ከልጁ ጋር ሆነን በዓይናችን ለማየት ወሰንን።

ጥቅምት 17 ቀን ቅዳሜ ማለዳ ከጐንደር ተነሥተን የደባርቅን መንገድ ያዝን። ገና የአንድ ዓመት ከአራት ወር ልጅ የነበረችውን ታናሽ እኅቱን ለእማሆይ ትተናት ነበር። በዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ የምትማረው ታላቅ እኅቱ ግን አብራን ሄደች። መንገዱ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ አምባ ጊዮርጊስንና ዳባትን አልፎ ሽቅብ ይወጣል። ማሳው በዚያ ወር ገና እሸት ነበረ፤ ዝናብና ነፋስ ያጋሸበውም ብዙ ነበረ። ረጅሙ ሰብል ከራሱ ክብደት የተነሣ መሬት ላይ ተኝቶ፥ ራሱን ችሎ የቆመው አጠር ያለው ነበር።

ይህንን ባየን ጊዜ ስለ ስንዴ ያነበብነው ታሪክ ትዝ አለንና ለልጁ ነገርነው። በጃፓን ኖሪን 10 የሚባል አገዳው አጭር የሆነ ስንዴ ነበር። ኖርማን ቦርሎግ የተባለው አሜሪካዊ የእርሻ ሊቅ ከዚያ ስንዴ የተገኘውን ዘር ሜክሲኮ ውስጥ ከሌሎች ዘሮች ጋር አዳቅሎ፥ ማዳበሪያ ሲሰጠው የማይጋሽብ፥ ጕልበቱንም ገለባ ከማስረዘም ይልቅ ፍሬ በማብዛት ላይ የሚያውል ስንዴ አገኘ። ያ አጭር ስንዴ በሕንድና በፓኪስታን ብዙ ሕዝብን ከረኀብ ስለ ታደገ፥ ቦርሎግ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1970 የኖቤል የሰላም ሽልማት ተሸለመ። የአገራችን ተመራማሪዎችም ጤፍ እንዳይጋሽብ ይህንኑ አጭር አገዳ ሲፈልጉ ኖረዋል። ልጁ ግን በጊዜው ስለ ስንዴ ብዙም አልጠየቀም፤ በመስኮት በኩል ዝንጀሮ ለማየት ይቸኵል ነበር።

ደባርቅ ላይ የፓርኩን ጥበቃ ይዘን ወደ ሳንቃ በር ገባን። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1969 የተቋቋመ፥ በ1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ሲሆን፥ ዋሊያው እየተመናመነ በመሄዱና ሰውና ከብት በማየሉ ከ1996 እስከ 2017 ድረስ ለአደጋ ከተጋለጡት ቅርሶች መዝገብ ገብቶ ቈይቶ ነበር። በሳንቃ በር አካባቢ አስታ የሚባለው ዛፍ ጥቅጥቅ ብሎ ይበቅላል። ቁመቱ ከሰው በላይ ከፍ ያለ ነው፤ ከቅርንጫፎቹም እንደ ሽማግሌ ጢም ያለ ሽበት ይንጠለጠልበታል። ጥበቃው ለልጁ ዛፉን አሳይቶ፥ «ይህንን ልብ ብለህ እይልኝ፤ ወደ ላይ ስንወጣ ሌላ ጊዜ እጠይቅሃለሁ» አለው።

በማግሥቱ ጨነቅ ደርሰን በእግራችን ወደ ቧሒት አቅጣጫ ሽቅብ ወጣን። ከ3,700 ሜትር ገደማ በላይ ዛፉ እየሳሳ፥ እያጠረም ሄደ። በመጨረሻ ከጕልበት የማያልፍ፥ ቅጠሉ ጥቃቅን፥ ግንዱ ግን የተጣመመና የጠነከረ ቍጥቋጦ በጓሳው መካከል አየን። ጥበቃው፥ «ይህ ማነው?» ብሎ ልጁን ጠየቀው። ልጁም ቅጠሉን አሽቶ አየና፥ «ትናንት ያየነው ነው፤ አስታ ነው» አለ። በርግጥም አስታ ነበረ። በዚያ ከፍታ ሌሊት ሌሊት ውርጭ ይወርዳል፤ ቀን ፀሐይ ያቃጥላል፤ ነፋሱ አያርፍም። ዛፉ ከመሬት ቀና ባለ ቍጥር ስለሚቀጣ አጎንብሶ መኖርን ተማረ። ጥበቃው እንደ ነገረን፥ አስታ እሳት ቢበላውም ከሥሩ ዳግመኛ ያቈጠቍጣል። በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር በተራራው ላይ ትልቅ ቃጠሎ በተነሣና ጓሳውና አስታው መንደዱን በሰማን ጊዜ፥ ይህንን ቃሉን አስበን ተጽናናን።

በዚያው ስፍራ ጅብራን አገኘነው። ጅብራ ለብዙ ዓመታት ቅጠሉን እንደ አክሊል ዘርግቶ ይኖርና፥ በሕይወቱ አንድ ጊዜ ብቻ ከሰው ቁመት እጅግ የሚበልጥ የአበባ ዘንግ አውጥቶ፥ ዘሩን በትኖ ይሞታል። የሚያስደንቀው ግን ዘመዶቹ ናቸው። ብዙዎቹ በሌላው ዓለም ከቁርጭምጭሚት ከፍ የማይሉ፥ በአበባ መደብ ዳር የሚተከሉ ለስላሳ ሣሮች ናቸው። እንግዲህ አስታን ያሳጠረው ተራራ ጅብራን አረዘመው። ልጃችን በአንዱ ጅብራ አጠገብ ቆመ፤ አባቱም ከጎኑ ቆመ። ልጁ ሽቅብ አንጋጦ ካየ በኋላ ወደ አባቱ ዞሮ፥ «አባዬ፥ አንተም እኮ ድንክ ነህ!» ብሎ ሳቀ። ከመስከረም ወዲህ ስለዚህ ቃል ሲስቅ ያየነው ያን ጊዜ ነበር።

ከዚያ በፊት በነበረው ሌሊት፥ በሳንቃ በር አድረን ሳለን፥ ብርዱ እንቅልፍ ስለ ነሣን ከምሽቱ አምስት ሰዓት ገደማ ብርድ ልብስ ተከናንበን ወደ ደጅ ወጥተን ነበር። ታላቂቱ ልጃችን በምሥራቅ በኩል ብቅ ያለውን እጅግ ብሩህ ኮከብ ለወንድሟ አሳየችው። ስሙ ሲርየስ ነው፤ በሌሊት ሰማይ ከሚታዩት ከዋክብት ሁሉ የሚደምቅ እርሱ ነው። እኅቱም እንዲህ ስትል አስረዳችው፦ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1844 ቤሰል የሚባለው ጀርመናዊ ሊቅ ይህ ኮከብ ቀጥ ብሎ እንደማይሄድ፥ ጥቂት ወዲህና ወዲያ እንደሚወዛወዝ አስተዋለና፥ በዓይን የማይታይ ጓደኛ ይስበዋል ብሎ ተናገረ። በ1862 ክላርክ የተባለው አሜሪካዊ አዲስ የመነጽር ብርጭቆ ሲፈትን ያንን ጓደኛ በዓይኑ አየው። ኋላም ሲመረመር መጠኑ ምድራችንን የሚያህል ብቻ ሆኖ፥ ክብደቱ ግን ከፀሐይ ጋር የሚቀራረብ ሆኖ ተገኘ። ከእርሱ አንድ የሻይ ማንኪያ ቢቀዳ ብዙ ቶን ይመዝናል። እንዲህ ያለውን ኮከብ ሊቃውንቱ «ነጭ ድንክ» ብለው ጠሩት። ብሩሁ ሲርየስ የሚወዛወዘው እንግዲህ ይህ ድንክ ስለሚስበው ነው።

ልጁ ብርዱን ረስቶ፥ «ሌላስ ድንክ አለ?» አለ። እኅቱም ቀይ ድንክ የሚባሉ ከዋክብት ከሌሎቹ ሁሉ በቍጥር እንደሚበልጡ፥ ከፀሐይ ቀጥሎ ለእኛ ቅርብ የሆነውም ኮከብ ከእነርሱ አንዱ እንደ ሆነ፥ ነገር ግን ብርሃናቸው ደካማ ስለ ሆነ አንዱንም በዓይን ማየት እንደማይቻል ነገረችው። ታላላቆቹ ከዋክብት እሳታቸውን በጥቂት ሚሊዮን ዓመታት ጨርሰው ሲጠፉ፥ እነዚህ ግን ያላቸውን በቍጠባ እያነደዱ ከሁሉ ይልቅ ረጅም ዕድሜ ይኖራሉ። በመጨረሻም፥ «ፀሐይ ራሷ በሊቃውንቱ አከፋፈል ቢጫ ድንክ ትባላለች» ስትለው፥ ልጁ ማመን አቃተው። «ፀሐይ? ይህቺ የእኛዋ ፀሐይ?» «አዎን፤ ከእርሷ በብዙ መቶ እጥፍ የሚሰፉ ከዋክብት ስላሉ ነው።» ልጁ አሰብ አደረገና፥ «ታዲያ እርሷን ማን ይሰድባታል?» አለ።

ስለ ፕሉቶም ነገረችው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነሐሴ 24 ቀን 2006 የዓለም የሥነ ፈለክ ሊቃውንት በፕራግ ከተማ ተሰብስበው፥ እስከዚያ ቀን ዘጠነኛ ፕላኔት ተብሎ ሲቈጠር የነበረውን ፕሉቶን «ድንክ ፕላኔት» ይባል ብለው ወሰኑ። ከእርሱም ጋር ሴሬስና ኤሪስ፥ ኋላም ሃውሜያና ማኬማኬ በዚሁ ስም ተጠሩ። ስለ ውሳኔው ብዙ ሰው አዘነ። ፕሉቶ ግን ያን ዕለት ከመንገዱ አልወጣም፤ ከመጠኑም አንዲት ጋት አልቀነሰም። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ መንኰራኵር አጠገቡ አልፋ ሥዕሉን ስትልክ፥ በገጹ ላይ ልብ የሚመስል ታላቅ የበረዶ ሜዳ ታየ። የተለወጠው የሰዎች መዝገብ ብቻ ነበር።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ስንመለስ፥ ጐንደር ልንገባ ጥቂት ሲቀረን ወለቃ ላይ ቆምን። በዚህ መንደር ቤተ እስራኤል ብዙ ዘመን ኖረውበታል፤ ወንዶቹ ብረት ይቀጠቅጡ፥ ሴቶቹ ሸክላ ይሠሩ ነበር። እጅግ የሚበዙት ከ1970ዎቹ እስከ 1983 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ወደ እስራኤል ሄደዋል፤ ሙያው ግን በመንደሩ ቀርቷል። በመንገድ ዳር ከሚሸጡት የሸክላ ሥራዎች ውስጥ በመዳፍ ላይ የሚቀመጡ አንበሶች፥ ወፎችና ሰዎች አሉ። ልጃችን አንዲት ትንሽ አንበሳ መረጠ። የሸክላ ሠሪዋ እናት፥ ትንሽ ናት ብለን ሥራዋ የሚቀል ቢመስለንም፥ በጥላ ቀስ ብላ ካልደረቀች እሳት ውስጥ እንደምትሰነጠቅ ነገሩን።

እኛ ግን በዚያ ስፍራ ሌላ ነገር እያሰብን ዝም አልን። በዚያ መንደር የነበሩ ባለሙያዎች ማረሻችንን ሲስሉልን፥ ድስታችንን ሲሠሩልን ኖረው፥ ከጎረቤቶቻቸው ያገኙት ስም ምን ነበር? «ቡዳ» ይባሉ ነበር። በሠሩት ድስት እየበላን፥ እጃቸውን እንፈራ ነበር። ስም አውጪው እኛው ነበርን፤ ስሙን ተሸክመው የኖሩት ግን እነርሱ ናቸው። በቤታችን በአንድ ልጅ ላይ ያደረግነውን፥ አባቶቻችን በአንድ ሕዝብ ላይ አድርገውት ነበር።

ጥቅምት 20 ቀን እማሆይ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ፊታቸው እንደ በራ ነበር። በድንክ አልጋዋ ላይ ተቀመጡና ልጁን አስጠርተው፥ «ና እስቲ የኔ ጌታ፤ ዛሬ የማን ቀን እንደ ሆነ ታውቃለህ?» አሉት። የዕለቱ ስንክሳር የአባ ዮሐንስ ሐፂር ነበር። ሐፂር በግእዝ አጭር ማለት ነው። ይህ አባት በአራተኛው መቶ ዓመት በግብፅ በአስቄጥስ ገዳም የኖረ መነኵሴ ሲሆን፥ ቁመቱ እጅግ አጭር ስለ ነበረ ስሙ ከዚያ ወጣ። መምህሩ አንድ ቀን ደረቅ እንጨት በምድረ በዳ ተክሎ፥ በየቀኑ ውኃ እንዲያጠጣ አዘዘው። ውኃው ሩቅ ስለ ነበረ ማታ ሄዶ ጠዋት ይመለስ ነበር። እንዲህ ሲያደርግ ሦስት ዓመት ቈየ፤ ከዚያ በኋላ እንጨቱ ለምልሞ አፈራ። መምህሩም ፍሬውን ለወንድሞች አቅርቦ፥ ይህ የመታዘዝ ፍሬ ነው፥ ብሉ አላቸው። እማሆይ ይህንን ተርከው ሲያበቁ፥ «ቤተ ክርስቲያን ይህን ያህል ዘመን ሐፂር እያለች ስትጠራው፥ አንድም ቀን ለስድብ ብላ አይደለም፤ ለመለየት ነው እንጂ» አሉ።

ያን ምሽት እማሆይ ዘኬዎስ ጌታን ለማየት በሾላ ዛፍ ላይ እንደ ወጣ፥ ሳሙኤልም የእሴይን ልጆች በቁመታቸው እንዳይመርጥ እንደ ተነገረው፥ ቀጥሎም ቁመቱ ስንዝር ብቻ ስለ ነበረው ብልህ ልጅ ስለ ስንዝሮ ሲያጫውቱ አመሹ። ልጁ ሸክላ አንበሳውን ይዞ ድንክ አልጋዋ ላይ እንቅልፍ ወሰደው። እኛም ነገሩ በዚህ ያለቀ መስሎን ነበር።

ነገሩ ግን አላለቀም። ኅዳር በገባ ጊዜ፥ ለልባችን ማረፊያ ብለን ልጁን ወደ ጤና ጣቢያ ወሰድነው። ታናሺቱንም አዝለናት ሄድን። ነርሷ ልጁን በመለኪያው ላይ አቁማ ለካችው፤ የቀደሙትን ዓመታት ካርድ አየች፤ ሁለታችንንም ወላጆቹን ከእግር እስከ ራስ ተመለከተችና ፈገግ አለች። «ልጁ ከእናንተ የወረሰውን ቁመት ነው የያዘው፤ በየዓመቱም በመጠኑ አድጓል፤ ምንም አልሆነም» አለችን። በተፈጥሮ ድንክ ሆነው የሚወለዱም ሰዎች ቢኖሩ፥ ይህ ከበሽታ ወይም ከኀጢአት የመጣ እንዳልሆነ ጨምራ አስረዳችን። ከእነርሱ የሚበዙት ቁመታቸው እንደ ማንኛውም ሰው ከሆነ ወላጆች ይወለዳሉ፤ ምክንያቱም አንድ ጥቃቅን የዘር ለውጥ ነው፤ ሊቃውንት ይህንን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1994 ደርሰውበታል።

ልንወጣ ስንል፥ «ይህቺን ታናሺቱን ደግሞ አስተኙልኝ» አለች። እኛ ስለ ታናሺቱ አንዳች ሐሳብ አልነበረንም፤ ፊቷ ክብ፥ ጉንጯ ሙሉ ነበረና። ነርሷ በእንጨቱ መለኪያ ላይ አጋድማ ለካቻት፤ ደግማ ለካቻት። ከዚያም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፥ ልጅቱ ለዕድሜዋ ከሚገባት ቁመት እጅግ ወደ ኋላ መቅረቷን፥ ይህም መቀንጨር እንደሚባል ነገረችን። ማንም ድንክ ብሎ ያልጠራት ልጃችን፥ በእጃችን ውስጥ እየቀነጨረች ነበር።

ነርሷ ምን እንደምንመግባት ጠየቀችን። እኛም በኵራት፥ ቤታችን ጾም የሚጠብቅ ቤት እንደ ሆነ፥ በጾም ወራት የፍስክ ዕቃ ከጓዳ እንደማይወጣ፥ ልጅቱም ከእኛ ጋር ሽሮና እንጀራ እንደምትቀምስ ነገርናት። በዓመቱ ያለውን ጾም ሁሉ ብንደምረው፥ ልጅቱ ከጡት በቀር እንቍላልና ወተት ሳትቀምስ ያሳለፈችው ጊዜ ከቀመሰችበት ይበልጥ ነበር። ነርሷ አንገቷ ላይ ማተብ ያሰረች ልጅ ነበረች። አልነቀፈችንም፤ ብቻ እንዲህ አለችን፦ «ለዚህች ሕፃን የሚሆን ሌላ አንድ ድስት አጥታችሁ ነው?»

መልስ አልነበረንም። የሕፃን አካልና አእምሮ የሚሠራው ከፅንስ ጀምሮ ሁለት ዓመት እስኪሞላው ባለው 1,000 ቀን ውስጥ እንደ ሆነ፥ በዚያ ጊዜ የጎደለውን በኋላ መሙላት እጅግ አዳጋች እንደ ሆነ አስረዳችን። ምግብ ብቻ ሳይሆን ንጹሕ ውኃ ማጣትና ተደጋጋሚ ተቅማጥም ያቀነጭራል። ኋላ ስንጠይቅ እንደ ተረዳነው፥ በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉት የኢትዮጵያ ሕፃናት ከመቶው 38ቱ ቀንጭረው ተገኝተዋል፤ በአማራ ክልል ደግሞ 46ቱ። እህል የሚያመርተው አገራችን ከሌሎቹ ብሶ መገኘቱ ሊያስደነግጠን ይገባል። መንግሥት በ2007 ዓ.ም. የሰቆጣ ቃል ኪዳን በተባለው ሰነድ ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት መቀንጨርን ለማጥፋት ቃል ገብቷል። ቃሉ የሚፈጸመው ግን በሰቆጣ ብቻ አይደለም፤ በየጓዳችንም ነው።

በዚያን ሌሊት ሁለታችንም አልተኛንም። ያ በቧሒት መንገድ ያየነው አስታ በዓይናችን ላይ ይመላለስ ነበር። ድንክ አልጋዋን አጭር ያደረጋት ሠሪዋ ነው፤ ለሥራዋ የተስማማ ነው። ፀሐይ ድንክ የተባለችው ከሌሎች ጋር ስትተያይ ነው። ወንድ ልጃችን አጭር የሆነው ከእኛ ወርሶ ነው። አስታው ግን ዘሩ የረጅም ዘር ነው፤ ውርጩ ነው ያስጎነበሰው። እኛም ለታናሺቱ ልጃችን ውርጭ ሆነንባት ነበር። በአንዱ ልጅ ላይ የማይጎዳውን አጭርነት እያየን ስንጨነቅ፥ በሌላይቱ ላይ የሚጎዳውን ሳናይ ቀረን።

በማግሥቱ የነፍስ አባታችንን ጠርተን የሆነውን ሁሉ አጫወትናቸው። እርሳቸውም በጥሞና ሰምተው፥ «ሰባት ዓመት ያልሞላው ሕፃን የጾም ግዴታ የለበትም፤ ይህንን ታውቁት ነበር። የነፍሰ ጡርና የሕመምተኛም ነገር ቢሆን ወደ ነፍስ አባት ይቀርባል እንጂ በቤት አይፈረድም። ቤተ ክርስቲያን ያልጫነችውን ቀንበር እናንተ ስለ ምን በሕፃን ጫንቃ ላይ ጫናችሁ?» አሉን። የነቢያት ጾም ሊገባ ጥቂት ቀን ብቻ ቀርቶት ነበር።

ያንን ቅዳሜ እማሆይ በትራቸውን ተደግፈው፥ ወንድ ልጃችንን አስከትለው ወደ ገበያ ወጡ። ሲመለሱ ልጁ በሁለት እጁ አቅፎ ያመጣት አንዲት ትንሽ ሸክላ ድስት ነበረች፤ ሁለት ጭልፋ ወጥ የማትይዝ ናት። እማሆይ በምድጃው ዳር ለብቻዋ ስፍራ አበጁላት፤ ትንሽ ማማሰያም ጨመሩላት። ከዚያን ቀን ጀምሮ በጾምም ሆነ በፍስክ የታናሺቱ እንቍላልና ወተት የሚበስለው በእርሷ ነው፤ ከሌላው ዕቃ ጋርም አትቀላቀልም። ስሟን ያወጣላት ወንድ ልጃችን ነው። «ድንክ ድስት» አላት፤ እኛም በዚሁ ስም ጠራናት።

እማሆይ በ2014 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ታናሺቱ ልጃችን ከዚያ ወዲህ ቁመቷ እየተስተካከለ ሄዶ ዛሬ ትምህርት ቤት ትውላለች፤ ነርሷ በጊዜው ባትለካት ኖሮ ምን እንደምትሆን ማሰብ እንፈራለን። ወንድሟ ግን አልረዘመም፤ ዛሬም በክፍሉ ከሁሉ አጭር ነው። «ድንክዬ» ብለን መጥራቱን ከዚያ መስከረም ጀምሮ ትተነዋል፤ በክርስትና ስሙ እንጠራዋለን። ባለፈው ዓመት የአልጋዋ አንድ እግር ተሰብሮ አናጢ ባመጣን ጊዜ፥ አናጢው፥ «አራቱንም እግር ለውጬ ከፍ ላድርጋት?» ብሎ ጠይቆን ነበር። ልጃችን ከእኛ ቀድሞ፥ «አይሆንም፤ እንደ ነበረች ትሁን» ሲል መለሰለት።

የተወደዳችሁ አንባቢዎች ሆይ፥ በቤታችሁ ያሉትን ልጆች በምን ስም እንደምትጠሩ እባካችሁ አንድ ቀን ጆሮ ሰጥታችሁ ስሙ። ገና ሁለት ዓመት ያልሞላው ሕፃን ካላችሁም፥ ፊቱ ክብ ነው ብላችሁ አትታለሉ፤ ወደ ጤና ጣቢያ ወስዳችሁ አስለኩት፤ በምድጃችሁ ዳርም ለአንዲት ትንሽ ድስት ስፍራ አታጡ።